በደሴ የሚገኝ አንድ የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ፦ ለጃፓን ጉዞ ያገኘነው አገልግሎት

ወንድሜ ቶኪዮ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡን ለመውሰድ ሲዘጋጅ፣ የልጁን ሰነዶች የማሟላቱ ኃላፊነት ደሴ ባለሁት በእኔ ላይ ስለወደቀ፣ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አማካሪ ቢሮ ሄድኩ። በትርጉም ሥራቸው ከልብ ረክቻለሁ። ተርጓሚዋ የልጅቷን ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረች፤ ጳጉሜን 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የሚለውን የልደት ቀን ወደ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2015 ስትመልስም፣ ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን የሆነበት መሆኑን አስታውሳ ቀኖቹን በጣቷ እንደገና ቆጠረች።

ቅሬታዬ ስለ ወጪው በሰጡን ምክር ላይ ነው። በቶኪዮ የብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ዓመታዊ ክፍያ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የን ገደማ መሆኑን ቢነግሩንም፣ የማመልከቻ፣ የመግቢያና የሕንፃ ክፍያ እንዲሁም የአውቶቡስ ወጪ በላዩ እንደሚታከል ያወቅነው ወንድሜ የክፍያ ዝርዝሩን ከትምህርት ቤቱ ሲቀበል ነው። ይህ በደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን፣ የጃፓን የመንግሥት አንደኛና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጎችን ልጆችም ያለ ትምህርት ክፍያ እንደሚቀበሉ፣ ትምህርቱ በጃፓንኛ ሆኖ በኤፕሪል እንደሚጀመር፣ ዓለም አቀፎቹ ግን በአብዛኛው በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር እንደሚከፈቱ አለመንገራቸው ነው።

ለትርጉም ሥራ ቢሮውን ያለ ስጋት እመክራለሁ፤ የወጪውን ዝርዝር ግን ወላጆች ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ።