ኤቭሪቲንግን ስምንት ወር ተጠቅሜበት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። የኪራይ ውል፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ ስጽፍ እውላለሁ። ደንበኛ ከወራት በኋላ ተመልሶ «ያኔ የጻፍሽልኝን አውጪልኝ» ይለኛል። ፋይሉ ዲ ድራይቭ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ የትኛው ፎልደር እንደገባ ግን ይጠፋኛል። የዊንዶውስ ፍለጋ ካልነገሩት በቀር ዲ ድራይቭን አስቀድሞ አይመዘግብም። አረንጓዴዋ መስመር እስክትሞላ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

ከስምንት ወር በፊት ኤቭሪቲንግ የሚባለውን ነፃ የፋይል መፈለጊያ ፕሮግራም ጫንኩ። ዴቪድ ካርፔንተር የሠራው፣ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ነው። ዲስኩ ራሱ የፋይሎቹን ስም የያዘ መዝገብ አለው። ኤቭሪቲንግ ፎልደር ለፎልደር ከመዞር ያንን መዝገብ ያነባል። ሁለት ሦስት ፊደል ስጽፍ ዝርዝሩ ከች ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አባት የ2015 የኪራይ ውላቸውን ፈልገው መጡ። «አብሽሪ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ፈልጊ» ብለው ወንበር ሲስቡ ፕሪንተሩ እያተመ ነበር።

ያስቸገረኝ የራሳችን ፊደል ነው። የአማርኛ ስም በደንብ ያነባል። ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ለየብቻ ናቸው። እኔ «ኃይሉ» ብዬ ያስቀመጥኩትን ረዳቴ «ሀይሉ» ብላ ትፈልግና «የለም እኮ!» ትላለች። ስሞቹን በቀጥ ያለች መስመር ለይቶ መጻፍ ይሠራል፦ ሀይሉ|ሃይሉ|ኃይሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ያወጣል። ዓለም፣ ፀሐይና ሠናይትም እንዲሁ ናቸው። አሁን ስምን መታወቂያው ላይ እንዳለው ብቻ እንጽፋለን። ቀኑንም ከፊት በእኛ አቆጣጠር እናስቀድማለን፦ «2017-09-12 የኪራይ ውል ኃይሉ»። ደንበኛ «ግንቦት ላይ» ነው የሚለኝ፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝ የፈረንጅ ቀን ነው። ዓመቱ ስለሚቀድም በስም ሲደረደሩ በየወራቸው ይሰለፋሉ።

በጽሑፉ ውስጥ ያለ ቃል ለመፈለግ አልወደድኩትም። ይችላል፣ ግን እያንዳንዱን ፋይል ስለሚከፍት ይንቀራፈፋል። በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉትንማ በአማርኛ ቃል አያገኛቸውም፤ ውስጣቸው የተቀመጠው ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የዩኒኮድ ፊደል አይደለምና። ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልገው መሰረዝ ነው። ከዝርዝሩ ላይ የሰረዛችሁት ዋናው ፋይል ነው። አንዴ የሰው ውል እንዲህ ሰርዤ ከሪሳይክል ቢን እስካወጣው ልቤ ቆሞ ነበር።

ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ሱቅ ላላት እህቴ ባለፈው ሳምንት ጫንኩላት። ፍላሿ ላይ ያሉት ፋይሎች አልታይ አሏት። ዲስክ ወይም ፍላሽ ፋይሎቹን የሚይዝበት አሠራር የተለያየ ነው። ፍላሹ የተፎረመተው ፋት 32 በሚባለው ነበር፤ ኤቭሪቲንግ በራሱ የሚመዘግበው ግን ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብተን ፍላሹን እንደ ፎልደር ስንጨምረው ሁሉም ወጡ።