ሞተሩ ለጉልበቴ ምን አደረገለት? ከስምንት ወር በኋላ

የሁለቱም ጉልበቶቼ ካርቲሌጅ ሳስቷል። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚከልለው ልስልስ ሽፋን ማለት ነው። ደረጃ መውጣቱን እንደምንም እችለዋለሁ። የሚያንገበግበኝ መውረዱ ነው። ስንወርድ ክብደታችን የሚያርፈው በታጠፈ ጉልበት ላይ ነው፤ ፍሬን የሚይዝልን የታፋ ጡንቻ ነው። እሱ ከደከመ ጉልበት ይጎዳል።

ባለሞተሩን ኤክሶስኬልተን (ሰውነት ላይ ታስሮ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ማሽን) የገዛሁት ለዚህ ነው። ወገብ ላይ ታስሮ ታፋን የሚያነሳ ዓይነት አለ። ዳገት ላይ ጎበዝ ነው፤ የእኔ ችግር ግን ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከጉልበት ጎን የሚቀመጠውን መረጥኩ። ስወርድ ቀስ አድርጎ ይይዘኛል፤ ከወንበር ስነሳ ይገፋኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ልመልሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። ማሰሪያው እየተንሸራተተ ሞተሩ ከጉልበቴ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ያኔ የሚገፋኝ ያለቦታው ነው፤ ሕመሙ ጭራሽ ባሰ። መላውን ያሳየችኝ ፊዚዮቴራፒስቴ ናት። ቁጭ ብዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ መጀመሪያ ከባቴ በላይ ያለውን ማሰሪያ አጠብቃለሁ። ባት ወፍራም ስለሆነ ወደ ታች አያሳልፈውም። የታፋው ቀጥሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ተንሸራቶብኝ አያውቅም።

ድሮ 20 ደቂቃ ላይ የሚያቆመኝ የእግር ጉዞ አሁን 45 ደቂቃ ደርሷል። ከዝቅተኛ ወንበር በእጄ ሳልደገፍ እነሳለሁ። ላልታመመ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነው።

ባትሪው ጣጣ አለው። አዲስ እያለ ሦስት ሰዓት ይሄድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሰዓት ከምናምን። በብርድ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። አንዴ ደረጃ መሃል ላይ ጠፋብኝ። ድጋፉ ቀርቶ ክብደቱ ብቻ እግሬ ላይ ቀረ። ወደ ጎን ዞሬ፣ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ አንድ በአንድ ወረድኩ። አሁን ቻርጁን ሳላይ ከቤት አልወጣም።

በጣም የሚቆጨኝ ግን ራሴ ያጠፋሁት ነው። ማሽኑ አለልኝ ብዬ የታፋ ስፖርቴን ተውኩ። በአራተኛው ወር፣ ፈትቼው ስሄድ፣ ጉልበቴ ከድሮው ይብስብኝ ጀመር። አሁን በቀን 15 ደቂቃ ማሽኑን አውልቄ እሠራለሁ። አምስት ኪሎም ቀንሻለሁ፤ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቃለላል። ስለዚህ ለውጡን ሁሉ ለሞተሩ አልሰጠውም። ባለፈው ሳምንት ሳላስረው ደረጃውን ወረድኩ። መሃል ላይ አንዴ ብቻ ቆምኩ።