«አልቆላታል» የተባለችው ሃርድ ዲስክ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ሐዋሳ ውስጥ ሰርግ እየቀረጽኩ ኤዲት አደርጋለሁ። ይቺን 2 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ዲስኳ ጥሩ ናት። አብሯት የመጣው ኬብል ግን አይረባም።

መጀመሪያ ቀን ሰክቻት 1.81 ቴራ ስትለኝ ሻጩ ሸወደኝ ብዬ ተመልሼ ልሄድ ነበር። አልሸወደኝም። ፋብሪካው በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024።

አምስት ወር ኮሽ አላለችም። በስድስተኛው ወር ቅዳሜ የቀረጽኩትን ሰርግ እሁድ ገልብጬባት ሜሞሪ ካርዱን አጠፋሁት (አዎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው)። ሰኞ ስሰካት አታነብም። መብራቷ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ዊንዶውስ ያቺን የመሰካት ድምፅ ያሰማና ወዲያው የመነቀሏን ያስከትላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለ ስም ትመጣና «ፎርማት ላድርጋት?» ይላል። እዚህ ጋ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ፎርማት ፋይሉን ያጠፋል።

ፒያሳ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሰማትና «አልቆላታል፣ ከፍተን በሳታ እናንብባት» አለኝ (ሳታ ዲስክ ኮምፒውተር ውስጥ በቀጥታ የሚሰካበት መስመር ነው)። የብዙዎቹ ትንንሽ ኤክስተርናሎች የዩኤስቢ አፍ ግን ከዲስኩ ቦርድ ጋር አብሮ የተበየደ ነው፣ ቢከፈቱም የሳታ መሰኪያ የላቸውም። ይቅርብኝ ብዬ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት።

ድምጿ ልክ ነው፣ ትሽከረከራለች፣ ቀጭ ቀጭ አትልም። ቀጭ ቀጭ ብትል ኖሮ ነቅዬ አስቀምጣት ነበር፣ እንዲህ ያለችውን መነካካት ይብሳታል። ከዴስክቶፑ የፊት ቀዳዳ አንስቼ የኋላው ላይ ሰካኋት፣ ምክንያቱም የፊቶቹ አንዳንዴ ኃይል ያንሳቸዋል። ለውጥ የለም። ከዚያ ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ ዲስክ ማኔጅመንት (ዊንዶውስ የተሰኩትን ዲስኮች የሚዘረዝርበት) ገባሁ። እዚህ መጠኗ ትክክል ሆኖ ፊደል (እንደ D: ያለውን መጠሪያ) ብቻ ካጣች ፊደል ትሰጧታላችሁ፣ አለቀ። ኢኒሻላይዝ (እንደ አዲስ ላዘጋጃት) ካላችሁ ግን ዝጉት። የኔዋ እዚያም ብቅ ጥልቅ ትላለች። ያኔ ነው ኬብሉን የጠረጠርኩት።

ሰፊው የዩኤስቢ 3 መሰኪያዋን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሁለት ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል የድሮ ስልክ ማይክሮ ዩኤስቢ ኬብል ይቀበላል። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሳይሆን ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን እንጂ። የድሮ ስልኬን ኬብል ከመሳቢያ ፈልጌ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ። መጣች! ሁሉም ፋይል በቦታው። በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ስለሆነ በሰከንድ 35 ሜጋባይት አካባቢ ነው የምታወጣው፣ ወደ 900 ጊጋ የሚሆነውን የጓደኛዬ ዲስክ ላይ ለመገልበጥ ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አደርኩ።

በማግስቱ አዲስ ኬብል ገዛሁ፣ ዋጋው አሞራ ገደል አሣ ከምበላበት ብዙም አይበልጥም። ፍጥነቷ ወደ 110 ተመለሰ። የዲስክ ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ፕሮግራም አየኋት፣ ጤነኛ ናት፣ የተበላሸ ሴክተር (ዳታ የሚጻፍበት ክፍል) የላትም። ለካ ከነኬብሏ ቦርሳ ውስጥ እየወተፍኳት መሰኪያው ጋ ያለው ሽቦ ውስጥ ውስጡን ተቆርጧል። አሁን ነቅዬ ነው የምይዛት።

ሌላ የምወቅሳት ነገር ቢኖር ረጅም ስገለብጥ መጋሏ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ሙሽሮች ቪዲዮ በቀጠሮው ቀን አስረከብኩ። ስለ ኬብሉ ትንፍሽ አላልኩም።