ወይፈኑ አራት ጊዜ ሲመጣ

ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ከለቀቋቸው የፍቅር ኮሜዲዎች አንዱን አዘዞ ቤት ሰብሰብ ብለን አየነው፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ችግሩ የሱ ብቻ አይደለም። ያው የሀብታም ልጅ፣ ያው ደሀ ሹፌር፣ የይምሰል ጋብቻ፣ መጨረሻ ላይ ቦሌ ኤርፖርት ሩጫ።

ታሪኩ መደጋገሙ ብዙም አላስከፋኝም፣ እኔን ያናደደኝ ቀልዱ ነው። ከገጠር የመጣ ዘበኛ አለ፣ እንግዳው «ዋይፋይ አለ?» ሲለው «ኧረ ወይፈን የለንም ጌታዬ» ይላል። እውነት ለመናገር ሁላችንም ስቀናል። ከዛ ሌላ እንግዳ ይመጣል፣ እዛው በር ላይ፣ ያው ወይፈን፣ ሳቁልኝ የሚል ሙዚቃ ከኋላ ተጨምሮበት። አራተኛው ላይ ቤቱ ጭጭ አለ። ምናለ በአራተኛው ፓስዎርዱን የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ሆኖ ሁሉም እሱን ቢለማመጡት?

ደግሞ አነጋገሩ! ከደንቢያ የመጡ አክስቴ አብረውን እያዩ ነበር፣ «ይሄ ሰውየ የየት አገር ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ፣ ማናችንም መልስ አልነበረንም። የጎጃምም የጎንደርም የወሎም አይደለም፣ ገጠሬ እንዲህ ያወራል ብሎ ከተሜ የፈጠረው ነው። የገጠር ሰው ሲቀልድ እኮ ነገር ያዋቅራል፣ ሳታውቀው ወግቶህ ያልፋል፣ ፊልም ላይ ግን ሁልጊዜ የሚሳቅበት እንጂ የሚያስቅ አይሆንም፣ ይሄ በጣም ያመኛል።

መደጋገም በራሱ ጥፋት አይደለም። በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍራንክ ካፕራ «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ያው ከአባቷ የጠፋች የሀብታም ልጅና ጋዜጠኛ ናቸው፣ 5ቱን ትልልቅ ኦስካሮች ጠራርጎ ወስዷል። እዛም ተመላላሽ ቀልድ አለ፣ አንድ ክፍል ሲያድሩ ሰውየው በሁለቱ አልጋ መሀል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልና «የኢያሪኮ ግንብ» ይለዋል። መጀመሪያ ያስቃል፣ በኋላ ሲሰቀል ተዋደዋል እና ያው ብርድ ልብስ ልብ ይሰቅላል፣ መጨረሻ ላይ ተጋብተው ጡሩንባ ተነፍቶ ግንቡ ይወድቃል። እዚህም አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፣ «ተቀበል» ብለህ የሰጠኸውን አዝማሪው ይቀበልና ቀጥሎ የራሱን ይጨምርበታል፣ ያንኑ ብቻ ሲመልስ ቢያመሽ ማን ይሸልመዋል?

ጎንደርም ፊልሙ ውስጥ አለች፣ ፋሲል ግቢን በድሮን አሳይተው ወዲያው ወደ ቦሌ ቪላ ተመለሱ። ድምፁም ይቆራረጣል።

ዋናዋ ተዋናይት ግን ጎበዝ ናት፣ ከእናቷ ጋር ቡና ላይ የሚጣሉበት ቦታ አንድም ቀልድ ሳይኖረው ሳቅም እንባም መጣብኝ። ለሷ ስል ከ10 4 እሰጠዋለሁ፣ ዳታ ካላችሁ መሀል አካባቢ ነው፣ እሱን ብቻ እዩት።