ቴስታታ ሳያወርዱ የራዲያተሩን ክዳን ላዩት ጋሼ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እጅዎን ይባርከው።

ቶዮታ ያሪስ መኪናችን ውሃ እያፈላች ሌላ ጋራዥ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይውረድ» ተብሎ ተፈርዶባት ነበር (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማኅተም)። መካኒኩ ጋሼ እጅ ገብታ በአንድ የራዲያተር ክዳን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ በሚያግድ አንድ ቴርሞስታትና 5 ሊትር በማይሞላ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ዳነች። ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ እንዳይወጣ ስለነገሩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን። ጋራዣቸው ከአዘዞ ወደ ጎንደር ከተማ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነው። አሠራራቸውን በዝርዝር የምንጽፈው፣ እሳቸው ጋ የማይደርስ ባለመኪናም ሌላ ጋራዥ ሲገባ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎንደር ከፍታ ነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚውለው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሞተር ውስጥ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ በስንት ባር ግፊት አፍኖ እንደሚይዝ ማለት ነው። ደህና የሆነ የ1.1 ክዳን እዚህ ጎንደር ላይ ንጹህ ውሃን እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ሞተሩ ገና ጤነኛ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው እንደ ጀበና ይገነፍላል። ሰው የሚያየው እንፋሎቱን ነው፤ እንፋሎት ካየ ደግሞ ወዲያው ቴስታታ ያስባል።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ስለሚጨማደድ፣ መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ተከፍታ ከመጠባበቂያው ጋን ውሃ መልሳ ታስገባለች። ይህች ቫልቭ ከተጣበቀች ጠዋት ኮፈን ስትከፍቱ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የላስቲክ ቱቦ) ተሟሽሾ ታገኙታላችሁ። ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ይህንን ነው። ምንም መሣሪያ ሳይነኩ፣ በቀዝቃዛ ሞተር፣ ማኒኮቶውን በዓይናቸው አይተው «ክዳኑን አምጣው» አሉ።

በዓይን ብቻ ግን አይፈርዱም። ክዳኑን በእጅ ፓምፕ ሞከሩት፤ 1.1 የተጻፈበት ክዳን ግማሹንም መያዝ አልቻለም። ቀጥሎ ፓምፑን ራዲያተሩ አፍ ላይ አስረው ወደ 1 ባር ከፍ አደረጉና 10 ደቂቃ ጠበቁ። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። የሚፈልጉበትም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ የማኒኮቶዎቹ ማሰሪያ፣ ከዚያ ውሃ ፖምፓው ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ (እዚያ የደረቀ ሮዝ ወይም ነጭ ዱካ ካለ የፖምፓው ማኅተም እየለቀቀ ነው)፣ ከዚያ ራዲያተሩ የፕላስቲክ ራሱና አሉሚኒየሙ የሚገናኙበት መስመር፣ መጨረሻ ላይ በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ሥር። ምንጣፉ ከራሰና ጣፋጭ ሽታ ካለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው የሚያፈስሰው።

ጓርኒሲዮኑን የሚጠይቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት ቱቦ ራዲያተሩ አፍ ላይ አድርገው፣ ሞተሩ እየሠራ ከውስጥ የሚወጣውን አየር በፈሳሹ ውስጥ ያሳልፉታል። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባ ከሆነ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል። የእኛ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ቴስታታ አውርዱ የሚል ማንኛውም ጋራዥ ይህን ምርመራ ወይም የሲሊንደር ግፊት ልኬት ሳያሳያችሁ ቁልፍ አታስረክቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ መኪና ያለጥፋቱ የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ጋራዥ እንደ ማስረጃ የቀረበው በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የታየው እንደ ወተት የነጣ አረፋ ነበር። ጋሼ የዘይት መለኪያውን መዘው አወጡት፤ ዘይቱ ጥርት ያለ ነው። አረፋው ክዳኑ ላይ ብቻ ኖሮ ዘይቱ ንጹህ ከሆነ፣ ውሃው ብዙ ጊዜ የመጣው ከጓርኒሲዮን ሳይሆን ሞተሩ ውስጥ ከሚጠራቀም እርጥበት ነው። ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ ፒያሳ ብቻ የሚመላለስ መኪና በበቂ ስለማይሞቅ እርጥበቱ ሳይተን ይቀራል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ይህች መኪና በበቂ የማትሞቅበት ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ቴርሞስታቷ ወጥቶ ተጥሏል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በአገራችን እንደ መድኃኒት ተቆጥሯል፤ በጣም ያሳዝናል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱ ይጨቀያል፣ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ)ና ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውስጥ ማለፊያውን ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጭራሽ ሙቀት ይጨምራል። ብዙዎቹ ቪትዝና ያሪስ የሙቀት መርፌ የላቸውም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። ሰማያዊው መብራት ከ10 ደቂቃ መንዳት በኋላም ካልጠፋ፣ ወይም ወደ አዘዞ ቁልቁል ስትወርዱ ተመልሶ ከበራ፣ ቴርሞስታታችሁ ወይ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል።

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠማቸው በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው ከቴርሞሜትር ጋር ያፈሉታል። የእኛ ዓይነቱ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ መካከል መከፈት መጀመር አለበት። የፋብሪካው መመሪያ ሙሉ በሙሉ የተከፈተበትን ልክ በ95 ዲግሪ እንድትለኩ ያዝዛል፤ ጎንደር ላይ ግን የድስት ውሃ 95 አይደርስም። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ «ሙሉ አልተከፈተም» ብለው ደህናውን ዕቃ አይጥሉም፤ የሚያዩት መከፈት የጀመረበትን ዲግሪና ሲቀዘቅዝ ገጥሞ መዘጋቱን ነው። ሲገጥሙት ደግሞ የምትነቃነቀዋ ትንሽ ቫልቭ ወደ ላይ ትሁን ይላሉ፤ አየር የሚወጣው በእሷ በኩል ነውና።

አሞላላቸውም እንደዚያው ነው። አሮጌውን ፈሳሽ ከሥር አፍስሰው፣ የሚወጣው ጥርት እስኪል ደጋግመው ያጥባሉ። ከዚያ ያልተበረዘውን ማቀዝቀዣ ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ያደርጋሉ። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ አይጨምሩም፤ ማዕድኑ ጠጥሮ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ቀድሞ ተበርዞ የሚሸጥ ከሆነ ምንም ውሃ አይጨመርበትም፤ ጠርሙሱን አንብቡ። ቀለም ዓይነትን አይናገርም፤ አረንጓዴና ሮዝ ደባልቆ ውስጡን ዝቃጭ ያደረገ ብዙ ነው። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ ክዳኑ ሳይገጠም፣ ሞተሩ እየሠራ ቀስ ብለው ይሞላሉ። ማኒኮቶውን እየጨመቁ አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪቆም አይለቁትም። በማግስቱ ጠዋት የጋኑን መስመር አይታችሁ የጎደለውን መሙላት የእናንተ ድርሻ ነው።

ፋኑን የሞከረችው አብራቸው የምትሠራው ወጣት ኤሌትሪሺያን ናት፤ ለእሷም ምስጋናችን ይድረሳት። ኤሲ ሲከፈት ፋኑ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙን ታያለች፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው) ከጎኑ ካለው ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ትቀያይራለች፣ ከዚያ በቀጥታ ከባትሪ 12 ቮልት ለፋኑ ሞተር ትሰጣለች። በቀጥታ ሲሰጠው ከዞረ ፋኑ ደህና ነው፣ ጥፋቱ ያለው ከፋኑ ውጭ ነው። በዚያው ባትሪውንም ለካችልን፦ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5። ከዚህ ከወረደ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ዲናሞውንና የሚያዞረውን ቺንጋ (ቀበቶ) አስመርምሩ።

ወደ ደባርቅና ሊማሊሞ ለምትወጡ ደግሞ ፍሬኑ ነው ቁም ነገሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። «ዶት 3» የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን በትንሹ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ ግን ይህ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁል ላይ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሲሆን ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ የፍሬኑ ሸራ አዲስ ቢሆንም። ስለዚህ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢደባለቁ ችግር የለም፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ በፍጹም አይገባም። ጋሼ ከፍሬኑ መስመር አየር የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ከሩቁ ጎማ ጀምረው ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ጣሳ ባዶ እንዳይሆን ሁልጊዜ አንድ ሰው ላዩ ላይ ይቆማል። የፊት ሸራ 3 ሚሊሜትር ከደረሰ ይቀይራሉ። አውቶማቲክ የምትነዱ፣ ቁልቁል ላይ ማርሹን ዝቅ አድርጉት፤ ፍሬኑ ብቻውን መሸከም የለበትም።

ማሻሻያ ስንጠይቃቸው የመለሱልንም መጻፍ ይገባዋል። መኪናዋን በሞላዎቹ ላይ ማስነሻ ጨምረን ከፍ እናድርጋት አልናቸው፤ እምቢ አሉ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) በተጣመመ ማዕዘን ይዞራል፣ የዘንጉ የላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ ግራሱ ተረጭቶ አሸዋ ይገባል፤ ከዚያ መሪ ስታዞሩ «ቀጭ ቀጭ» ይጀምራል። በምትኩ ያዘዙልን ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት የምትሰካ ትንሽ የኦቢዲ (የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነብ) መሣሪያ ናት። የውሃውን ሙቀት በዲግሪ ስልክ ላይ ታሳያለች። መርፌ ለሌለው መኪና ከዚህ የተሻለ ማሻሻያ አናውቅም፤ ቀይ መብራት እስኪበራ ከመጠበቅ 100 ሲያልፍ አይቶ ዳር መያዝ ይሻላል።

የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የአዲሱ ካርቶንም አብሮ። የእጅ ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ይናገራሉ። የጎማ ዳዶ በቶርክ ቁልፍ ነው የሚያጠብቁት፣ የያሪስ 103 ኒውተን ሜትር። የማይሠሩትንም ይናገራሉ፦ የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ውስጥ አይፈቱም፣ የተጣመመ ቴስታታ ካለ ቶርኖ ቤት ይልኩታል። ፈጣን ግን አይደሉም። ለአንድ ቀን የተባለው ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል፤ የምትቸኩሉበት ጉዞ ካለ ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር አደራ። የሚያፈላ መኪና ይዛችሁ በቀጥታ አትሂዱባቸው፤ የጋለ ራዲያተር በምንም ዓይነት አይከፍቱም፣ እናንተም አትክፈቱ። አሳድራችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስጎትታችሁ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይዩት። ጋኑን ከዚያ በፊት አትሙሉት፤ ስንት እንደጎደለ ማየት ይፈልጋሉ።