የተደፈነ የግራሶ ኒፕል፦ ማጽዳት ወይስ መቀየር?

በጅቡቲ መስመር አዳማ የሚገባ ከባድ መኪና ሥር ገብተህ ስታይ፣ አቧራና የደረቀ ግራሶ የደፈነው ኒፕል (ግራሶ በፓምፕ የሚገባበት ትንሽ የብረት አፍ) አይጠፋም። ፓምፑን ስትጫን ግራሶው ወደ መሪው መገጣጠሚያ ሳይገባ በጎን ይወጣል።

ማጽዳት፦ ወጪው ጥቂት ናፍጣና ጨርቅ ነው። ጫፉን በደንብ ጥረግ። ናፍጣ አስነካውና መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ኳስ በቀጭን ሽቦ ጫን አድርጋት። ገብታ ከተመለሰች ኒፕሉ ገና ይሠራል። በእሳት ማሞቅ ግን አይሞከርም፤ የመገጣጠሚያውን ጎማ ያቃጥላል።

መቀየር፦ ዕቃው ርካሽ ነው። ስጋቱ ዝገት ይዞት ሲፈታ መሰበሩ ነው። አዲሱ ጥርሱ ካልገጠመ በግድ አታስገባው።

መንገድ ላይ ከሆንክ አጽዳ። ጋራዥ ከገባህ ወይም ኳሷ ካልተመለሰች ቀይር። አዲሱም አላስገባ ካለ ችግሩ ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው መሪውን ሲያወዛውዝ ከሥር ሆነህ የመገጣጠሚያውን ልቅነት እይ።