ለጎጃም ሰማይ፦ ክሬፎርድ ወይስ ባለ ጥርስ ፎከሰር?

ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ሰማይን በካሜራ የሚያነሡ ወዳጆቼ የትኛውን ፎከሰር (ካሜራውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያንቀሳቀሰ ምስሉን የሚያጠራውን የቴሌስኮፕ ክፍል) እንግዛ እያሉ ይጠይቁኛል። በሌንስ ቴሌስኮፕ ላይ ከባድ ካሜራ ለሚገጥም ሰው መልሴ ባለ ጥርሱ፣ ማለትም ቱቦውን በጥርስ የሚያንቀሳቅሰው ነው።

ክሬፎርድ ጥርስ የለውም። ካሜራውን የሚይዘው ቱቦ በኩሽኔታዎች ተደግፎ የሚሄደው፣ የሚጫነው ለስላሳ ዘንግ በሰበቃ ስለሚገፋው ነው። በዓይን ለሚመለከት ሰው ልስላሴው ድንቅ ነው። የኦሪዮን ኔቡላ ግን ከደብረ ማርቆስ ሲታይ እስከ 74 ዲግሪ ይወጣል፤ ቴሌስኮፑ ወደ አናት ሲቀና የካሜራው ክብደት በሙሉ ቁልቁል ይጎትታል። ርካሹ ክሬፎርድ ያን ጊዜ ይንሸራተታል። በኤፍ 5 ቴሌስኮፕ (የትኩረት ርዝመቱ የሌንሱን ስፋት አምስት እጥፍ በሆነ) ምስሉ ጠርቶ የሚቆይበት ክልል 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ዓይን የማያየው መንሸራተት ኮከቡን ያሳብጠዋል።

ሻጮች ዘንጉን ከቱቦው ጋር የሚያጣብቀውን «ብሎኑን አጥብቀው» ይላሉ። ስመ ጥር ዕቃ አስመስለው የሠሩትን አንዱን ፈትቼ አይቻለሁ፤ ዘንጉ አሉሚኒየሙን ቦርቡሮ በጥፍር የሚዳሰስ ቦይ አውጥቶበታል። ቶርኖ ቤት ቢስተካከልም ቱቦው ቀጥኖ ላላ። የላከው ድርጅት ዋስትናው ኢትዮጵያን አይጨምርም ብሎ ዘጋው።

ርካሽ ባለ ጥርስም ቢሆን እንከን አያጣም፤ ግሪሱ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ጥርሱም ይላላል። ይህ ግን እዚሁ ይጠገናል። አሮጌውን ግሪስ ጠርጎ ስስ መቀባት፣ ፒኞኑን (ቱቦውን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ጥርሳም ጎማ) ወደ ጥርሱ የሚያስጠጉትን ብሎኖች ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ዋጋውን በዶላር አስቡ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን በብር የተነገራችሁ ዋጋ ቶሎ ያረጃል። ማጓጓዣና ቀረጥ ሲጨመር «ርካሹ» ክሬፎርድ ርካሽ አይሆንም፤ ሲበላሽ ሁለተኛ ቀረጥ አለው። በኋላ የትኩረት ሞተር ለመግጠም ካሰባችሁ ደግሞ ሌላ 200 ዶላር ገደማ ያዙ። በሚንሸራተት ክሬፎርድ ላይ ሞተሩ ይዞራል፣ ኮምፒውተሩ ይቆጥራል፣ ቱቦው ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ገንዘቡ በከንቱ ይቀራል።

ኒውቶኒያን የሚባለውን ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ይዛችሁ ካሜራችሁ ቀላል ከሆነ ግን ደህና ክሬፎርድ ይበቃችኋል። እዚያ ከዓይነቱ ይልቅ ቁመቱን ተመልከቱ፤ ረጅም ከሆነ ካሜራው ምስሉ ከሚጠራበት ቦታ አይደርስም።

ከማዘዛችሁ በፊት ካሜራውን ከነማያያዣውና ከነማጣሪያው በሚዛን መዝኑ። ሻጩ ይሸከማል ብሎ ከጻፈው ክብደት ግማሹን ብቻ እመኑ።